እናትየው ዝም ስትል ካሜራው የት ይቁም? ከደሴ የቀረጻ ማስታወሻ

ፊልሙ አጭር ነው። አንድ ክፍል፣ እናትና ልጅ፣ አንድ ረከቦት። ልጅቷ ዐረብ አገር ልትሄድ ወስናለች። ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ደላላው ቀን ቆርጦላታል፣ ለእናቷ የምትነግራት ግን ዛሬ ነው፣ ቡና ላይ። ከዚያ በኋላ እናትየው አንድም ቃል አትተነፍስም። ታሪኩ ይኸው ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ታሪክ ለሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሄደች ልጅም፣ ስልክ የምትጠብቅ እናትም በየሰፈሩ አለች።

ስክሪፕቱን ያነበቡ ሰዎች የሚሉን አንድ ነው፦ «እናትየው የሆነ ነገር ትበል እንጂ! ቢያንስ ታልቅስ።» እኛ የያዝነው ሐሳብ ሌላ ነው። እሷ የማትለውን ካሜራው የቆመበት ቦታና ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ እንዲሉት ነው የምንፈልገው። በብዙ ፊልሞቻችን ሰዎቹ የሚሰማቸውን ሁሉ በአፋቸው ይዘረግፉታል። መብራቱ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው፣ ያዘነውም የተደሰተውም ፊቱ አንድ ዓይነት ይበራል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ብርሃን ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቃል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ቤቱ እኩል አይነጋም። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ቀድሞ ይታያል፣ ጓዳ ያለው ሰው ገና ድምፅ ብቻ ነው።

ዕቃችን ትንሽ ነው። አንድ ሚረርለስ ካሜራ፣ 35 እና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድ፣ በባትሪ የምትሠራ አንዲት የኤልኢዲ መብራት፣ ጥቂት ሜትር አቡጀዲ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ ካርቶን። ካሜራ የሚይዘው ጓደኛዬ ነው፣ ድምፅ የምትቀዳ አንዲት ልጅ አለች። እናትየዋን የሚጫወቱት ከዚህ በፊት መድረክ ላይ የሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጅቷን የምትጫወተው ተማሪ ናት።

ሰኞ ጠዋት

ቤቱ የአክስቴ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከታች እስከ ጉልበት አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ኖራ። በሩ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል፣ በስተሰሜን አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። አክስቴ ወደ ሰኞ ገበያ ስለወጣች ቤቱን ለቀቀችልን። ካሜራውን ከቦርሳው ሳናወጣ ቁጭ ብለን ብርሃኑን ብቻ ስናይ ዋልን።

ጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደጃፉ እየተሰበሰበች ትወጣለች። ከዚያ በኋላ የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፣ ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ። የምንፈልገው እሱን ነው። በቀጥታ የምትመጣ ፀሐይ የጥላውን ጠርዝ እንደ ቢላ ትስለዋለች፣ ቦታዋንም በየጊዜው ትለውጣለች፤ የሰማይ ብርሃን ግን ከሰፊ ቦታ ስለሚመጣ ጥላው ፊት ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው፣ ለሰዓታትም ብዙ አይለዋወጥም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጦሳ ተራራ ከምዕራብ በኩል ፀሐይን ቶሎ ይወስዳታል። ሰማዩ ገና ብሩህ ሆኖ ከተማው ጥላ ውስጥ ይገባል። ፊልም ቀራጮች ሁሉ የሚሳሱለት ያ የአመሻሽ ወርቃማ ብርሃን ደሴ ላይ አጭር ነው፣ እሱን ተማምኖ ፕሮግራም ማውጣት አይቻልም። ከ4 እስከ 8 ሰዓት እንቀርጻለን ብለን ወሰንን።

አንድ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ይዞት ዋለ። ጣሪያው ላይ የምስማር ቀዳዳ አለ። በእሱ የምትገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆና ታርፋለች፣ ስፋቷ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀዳዳው ራሱ ክብ አይደለም፣ ቆርቆሮው ተቀዶ የተጣመመ ነው። ታዲያ ብርሃኗ ለምን ክብ ሆነች? ክቧ የቀዳዳው ቅርጽ ስላልሆነች ነው፣ የፀሐይ ምስል ናት። አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ስነግራት ምንም አልገረማትም። «ያኔ ፀሐይ የጠቆረች ጊዜ እኮ ይቺ ብርሃን እንደ ጨረቃ ተገምሳ ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታይታለች፣ ደሴ ላይ ደግሞ ተገምሳ። ያን ቀን በየዛፉ ሥርና በየቀዳዳው የወደቀው ብርሃን ሁሉ የተገመሰ ነበር። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት የብርሃን ሊቁ ኢብን አል ሀይሠም ይህንኑ ነገር፣ የተጋረደች ፀሐይ በትንሽ ቀዳዳ ስታልፍ የምትሠራውን ቅርጽ፣ ቁጭ ብሎ አጥንቶታል። ካሜራ ማለት እንግዲህ ከዚህ የተወለደ ነው፤ ጨለማ ክፍልና አንድ ቀዳዳ። አክስቴ ቤቷ ውስጥ ካሜራ ኖሯት ይኸን ሁሉ ዓመት ኖራለች።

ክቧን እናስገባት ወይስ እንድፈናት ብለን ተከራከርን። በጣም ታምራለች። ችግሩ ትጓዛለች፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትሄዳለች። እትዬ አንድ ሾት ላይ ትከሻቸው ላይ ብርሃን ይዘው ቀጣዩ ላይ ክንዳቸው ላይ ከሆነች ተመልካቹ ዓይኑ እሷን መከተል ይጀምራል፣ እናትየዋን ይተዋል። ደፈንናት።

ማክሰኞ፣ ቁመት

ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሠራነው። «እማ፣ ልሄድ ነው።» ያንኑ አባባል ካሜራውን ከፍና ዝቅ እያደረግን ደጋገምነው።

መጀመሪያ ቆሞ በሚያይ ሰው ቁመት። የቡና ትዕይንት በፊልሞቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው እንዲህ ነው፦ ቡና የምታፈላው ሴት በርጩማ ላይ፣ ካሜራው ቆሞ ወይም ሶፋ ላይ ከተቀመጠው እንግዳ ትከሻ። ውጤቱን ስክሪን ላይ ስታየው ሴትዮዋ ትንሽ ትሆናለች። አናቷና ሻሿ ይታያል፣ ዓይኗ ግን በቅንድቧ ይከለላል። ከኋላዋ የምናየው ወለል ነው፤ ሰሌን፣ ቄጤማ፣ የሰው እግር። ቤቱን የያዘችው ሴት ቤቱ ውስጥ ከሁሉ ታናሽ ሆና ትቀመጣለች ማለት ነው። ይህን ያደረገ ዳይሬክተር ሊያሳንሳት አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ትራይፖዱን በለመደው ቁመት አቁሞት ይሆናል። ካሜራው ግን አስቦም ሳያስብም ይናገራል።

ከዚያ ትራይፖዱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገን እትዬ ዓይን ትክክል አመጣነው፣ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሌላ ፊልም ሆነ! ከኋላቸው ወለሉ ጠፍቶ ግድግዳው መጣ፣ አረንጓዴው ቀለም ከትከሻቸው በታች፣ ኖራው ከፊታቸው ጀርባ። መደብ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ከፍ አለች፣ እናቷን ቁልቁል የምታይ ሆነች። ካሜራ ያዡ ይበልጥ ዝቅ እንበልና ከታች ወደ ላይ እንያቸው አለ፣ እሱንም ሞከርነው። ከታች ሲታዩ እትዬ ሐውልት ነገር ሆኑ፣ ተመልካቹን «ይህችን ሴት አክብር» የሚል ትእዛዝ አለው። እኔ አልፈለግሁትም። እኩል መሆን ይበቃል።

እዚሁ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣና ሥራውን ሁሉ ይዞት ሄደ፦ ትዕይንቱ የማን ነው? ዜናውን የምታመጣው ልጅቷ ናት፣ ቃሉ የእሷ ነው። ግን ዜናው የሚያርፈው እናትየዋ ላይ ነው። የእናትየዋ ከሆነ የካሜራው ቁመት የእሷ ቁመት ይሁን፣ ለልጅቷም ጭምር። ስለዚህ ልጅቷን ስንቀርጻት ካሜራው ከእናቷ ዓይን ከፍታ አይነሣም።

ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ወለደ። መጨረሻ ላይ እናትየው ትነሣለች። ስትነሣ ካሜራው አብሮ ቀና ይበል? አይበል አልን። ባለበት ይቆይ። ሲነሡ ጭንቅላታቸው ከፍሬሙ ይወጣል፣ የሚቀረው ቀሚሳቸውና ጀበናውን የያዘ እጃቸው ነው። ፊታቸውን ማየት በምንፈልግበት ሰዓት ፊታቸውን እንነፈጋለን። እትዬን ጠየቅኋቸው፣ ተዋናይ ፊቱ ሲቆረጥ ቅር ሊለው ይችላልና። «ልጄ፣ እኔ እሱን በእጄ እሠራዋለሁ፣ አብሽር» አሉኝ።

ረቡዕ

ስለ ሻሽ። እትዬ ያመጡት ነጭ ነበር፣ እንደ ወተት የነጣ። ካሜራው አውቶማቲክ ላይ ሲሆን የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ይታገላል። ነጭ ነገር ሲበዛበት «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፣ ያኔ ፊታቸው ይጠቁራል። ፊቱን ለማዳን ከፍ ስናደርግ ሻሹ ይነድና ጨርቅነቱ ይጠፋል። ብዙ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ነጠላ ለባሾቹ እናቶች ፊታቸው የማይለየው በዚህ ነው። አሮጌው የፊልምና የፎቶ ኢንዱስትሪ ቀለም የሚያስተካክለው የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር፣ ኮዳክ ለዓመታት ላቦራቶሪዎች የላከው እሱን ነው። የእኛን ፊት መለካት የእኛ ሥራ ነው እንግዲህ። ካሜራውን ማንዋል አድርገን የለካነው በፊታቸው ነው። ሻሹንም በቡናማ ቀየርነው። ሰፊ ልዩነት አመጣ።

ሌላው ዛሬ የገባኝ ነገር፦ ጠይም ፊትን ቅርጽ የሚሰጠው የብርሃኑ ብዛት አይደለም። ፊት ለፊት መብራት ብትደቅንበት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ያብረቀርቃል፣ ያ ነው። ሰፊ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ግን ቆዳው ራሱ ያንን ብርሃን ይመልሰዋል፣ ጉንጭ ላይ አንድ ረጅም ለስላሳ ነጸብራቅ ይተኛል። ያ ነጸብራቅ ነው አጥንቱን፣ ዕድሜውን፣ ድካሙን የሚያሳየው። እትዬ ትንሽ ቅቤ ግንባራቸውን ነካ አደረጉ፣ ሜካፕ ከዚያ በላይ አላስፈለገም።

ሐሙስ፣ በሩ

የሳምንቱ ትልቁ ቀን።

ማን ወደ በሩ ይቅረብ? መጀመሪያ እናትየዋን በሩ አጠገብ፣ ልጅቷን ወደ ጓዳው አስቀመጥናቸው። የምትሄደው ልጅ ጨለማ ውስጥ፣ የምትቀረው እናት ብርሃን ውስጥ። ምስሉ ያምራል፣ ግን ልጅቷ የታሰረች ትመስላለች፣ እናቷም በሩን የዘጋችባት። ታሪካችን ይህ አይደለም። እናትየዋ ማንንም አላሰረችም።

ገለበጥነው። ልጅቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መደቡ ጫፍ ላይ፣ እናትየዋ ከእሷ ወዲያ ወደ ውስጥ፣ ፊቷ ወደ በሩ። አሁን ልጅቷ ከብርሃኑ ጋር ነው የተቀመጠችው፣ ግን ብርሃኑ ከኋላዋ ስለሆነ ፊቷ አይታይም፣ የጸጉሯና የትከሻዋ ጠርዝ ብቻ ይነዳል። ሚስጥሩ ያለው እሷ ጋ ነው። እናትየዋ ግን የበሩን ብርሃን ሙሉ በሙሉ ተቀብላለች፣ ፊቷ ላይ የሚያልፈው አንድም ነገር አይደበቅም። ቃል ሳይነገር ተመልካቹ የትኛዋን እንዲያይ፣ የትኛዋን እንዲጠራጠር ያውቃል።

በቁጥር ካስፈለገ፦ የልጅቷን ፊት ከእናቷ ፊት 3 ስቶፕ ዝቅ አድርገነዋል። እያንዳንዱ ስቶፕ ግማሽ ማለት ስለሆነ ልጅቷ የምታገኘው የእናቷን 1/8ኛ ብርሃን ነው። ፍጹም ጨለማ አይደለም። ከበታቿ አንዲት ነጭ ካርቶን አስቀምጠን ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ብልጭታ መለስንላት፣ ያቺ ብልጭታ ስትጠፋ ሰው ሳይሆን ጥላ ነው የምትሆነው። በእናትየዋ በኩል ደግሞ ሥራው መቀነስ ነበር። ኖራው ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን እየመለሰ ጥላ ያለውን ጉንጫቸውን ያበራባቸዋል። ከፍሬሙ ውጪ ጥቁሩን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ሰቀልን፣ ጥላው ወዲያው ተመለሰ። መብራት ማለት ማብራት ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቢሞክረው ደስ ይለኛል፤ አንድ ጥቁር ጨርቅ በቂ ነው።

ከላይ የሚወርድ ብርሃንም አስበን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ላይ የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከአናት በላይ አድርጎ የዋናውን ሰው የዓይን ጎድጓዳ ጥላ ውስጥ ከትቶታል፣ ምን እያሰበ እንደሆነ ማንም እንዳያነብ። የዚያ ፊልም ዋና ሰው የሚፈራ የወንጀለኞች አለቃ ነው፣ ይገባዋል። የእኛ እናት ግን የምትደብቀው የላትም። ዓይኗን ማጨለም በእሷ ላይ መዋሸት ነው የሚሆነው፤ ተውነው።

ከዚያ ጭሱ። እጣን ሲጨስ በዓይን ይታያል፣ ካሜራ ላይ ግን ጠፋ። ብርሃኑ ከካሜራው በኩል ከመጣ ጭስ አይታይም ማለት ይቻላል። ብርሃኑ ከጭሱ ኋላ ወይም ከኋላ በጎን መምጣት አለበት፣ ከጭሱ ጀርባ ያለው ነገር ደግሞ ጨለማ ይሁን። ካሜራውን በሩ ከፍሬሙ ጠርዝ ትንሽ ወጣ እስኪል ድረስ አዞርነው፣ ከኋላ ያለው የጓዳው ጨለማ ሆነ። ጭሱ ተነሣ! በእናትና በልጅ መካከል መጋረጃ ሆኖ ቆመ፣ በር ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ያወዛውዘዋል። አክስቴ ከዳር ሆና ስታይ ነበር፣ «ማሻአላህ፣ ቤቴ ነው ይሄ?» አለች።

ፍሙ ብቻ ቀረ። ከሰል ፍም ለዓይን ቀይ ሆኖ ይታያል እንጂ ፊት አያበራም። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ባሪ ሊንደን» የሻማ ትዕይንቶችን በሻማ ብርሃን ለመቅረጽ ለናሳ ተብሎ የተሠራ የዛይስ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው የተጠቀመው፣ አፐርቸሩ 0.7 (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል)። የእኛ 1.8 ነው። ስለዚህ ትንሿን ኤልኢዲ ከረከቦቱ ኋላ መሬት ላይ ደብቀን በብርቱካናማ ጨርቅ ሸፈንናት፣ ፍሙ የሚያበራ እንዲመስል። የሰማዩ ብርሃን በቀለም መለኪያው በኬልቪን 6000 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፣ ሰማያዊ ያዘነበለ፤ የፍሙ መብራት ከ2000 ብዙ አይርቅም። እናትየዋ በሩን ስታይ ፊቷ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ጀበናዋ ስታጎነብስ ይሞቃል። ከታች የሚመጣ ብርሃን ሰውን ያስፈራል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ብቻውንና ጠንካራ ሆኖ ከመጣ። ምንጩ ፍም መሆኑን ተመልካቹ ካየ ግን የሚያስፈራው ነገር የለም፣ ቡና የሚያፈላ ሰው ፊት ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ

አጭር ቀን። አንድ ቴክኒካል ነገር ብቻ፣ ለሚጠቅመው። የጓዳዋ አምፖል ስትበራ ምስሉ ላይ የሚሮጥ ጥቁር መስመር ይታይ ነበር። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ስናደርገው ጠፋ። ብዙ የስልክ ካሜራዎች በ30 ፍሬም ተስተካክለው ስለሚመጡ ቤት ውስጥ ከመቅረጽ በፊት ይህን መለወጥ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ፣ ቀረጻ

ትናንት ማታ ከካሜራ ያዡ ጋር የፍሬሙን ቅደም ተከተል ጨረስን። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አቦል ላይ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ፍሬም ውስጥ ናቸው። እናትየዋን ስናይ የልጅቷ ትከሻ ዳር ላይ አለ፣ ልጅቷን ስናይ የእናቷ ሻሽ። አንዷ ያለ ሌላዋ አትታይም። ቶና ላይ ልጅቷ ትናገራለች። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ትከሻው ይወጣል፣ እያንዳንዷ ብቻዋን ናት። ሌንሱ ያው 50፣ ርቀቱ ያው፣ ብርሃኑ ያው። የተለወጠው አብሮ መኖራቸው ብቻ ነው። ተመልካች ይህን ቆጥሮ አያውቀውም፣ ግን ክፍሉ የሰፋ ይመስለዋል። እኔ ራሴ ሞኒተሩ ላይ ሳየው ደረቴን የሆነ ነገር ያዘው።

ካሜራው ሁልጊዜ ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር በአንድ ወገን ነው የቆመው፣ ስለዚህ እናትየዋ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ልጅቷ ወደ ግራ ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ ተሻገርነው፣ እናትየዋ ስትነሣ። እዚያ ላይ ቤቱ ራሱ የዞረ ያህል ይሰማል፣ መዞርም አለበት።

ልጅቷ ከተናገረች በኋላ ወደ በሩ ትዞራለች። ፊቷ ብርሃን የሚያገኘው ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልጅነቷ ያኔ ይታያል፤ እስከዚያ ድረስ ጥላ ስለነበረች ትልቅ ሰው ትመስል ነበር። በተመሳሳይ ሰዓት እናትየዋ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ብርሃኑ ይለቃታል። ቦታ ተቀያየሩ፣ ማንም ምንም አላለም።

ስለ ስኒው ተጨቃጨቅን። እትዬ ባለፈው ሳምንት ያመጡት ሐሳብ ነው፦ በረካ ሳይቀዳ እናትየው አንዱን ስኒ አጥባ፣ አድርቃ፣ ከረከቦቱ ላይ ታነሣዋለች። ልጅቷ የምትጠጣበትን። ካሜራ ያዡ በክሎዝ አፕ እንውሰደው፣ ካለበለዚያ ማንም አያስተውለውም አለ። እኔ ደግሞ ክሎዝ አፕ ማለት ጣት መጠቆም ነው ባይ ነኝ። ስኒው ስክሪኑን ከሞላው ተመልካቹ «ይህ ምልክት ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ አይጎዳውም። በ35ቱ ሰፊ አድርገን፣ ስኒው ከፍሬሙ ታች አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ፊት ለፊት ጭሱ፣ ከኋላ ልጅቷ። ያየ ያያል። ሁለቱንም ቀርጸናል፣ ውሳኔው ለኤዲቲንግ።

እትዬ ሲነሡ ፍሬሙ እንደተነጋገርነው አንገታቸው ላይ ቆረጣቸው። እጃቸው ጀበናውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ጀበናውን ወደ ፍሙ መለሱት፣ ስክሪፕቱ ላይ የሌለ ነገር ነው፣ ቡናው እኮ አልቋል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ጊዜ እንዲጨምርላት ነዋ» አሉ።

እሑድ፣ ሐረጎ

ውጪ የምንቀርጸው አንድ ሾት ብቻ ነው፣ ልጅቷን የያዘው መኪና ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። ጉም ማለት ሰማይን የሚያክል አቡጀዲ ነው፣ ጥላ የሚባል የለም፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር አቅጣጫ ነበረው፣ በር ነበረ፣ ጓዳ ነበረ። እዚህ ምንም የለም። ለልጅቷ አሁን ያለችበት ይህ ነውና ሰማዩ እስኪጠራ አልጠበቅንም።

ልጅቷን በመኪናው መስኮት አጠገብ አስቀምጠን በጎን ቀረጽናት። ሰው ወደሚያይበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ መተው የተለመደ ነው፣ ፊቱ እንዲተነፍስ። እኛ ፊቷን ከፍሬሙ ጠርዝ አስጠጋናት፣ ባዶው ቦታ ከኋላዋ ሆነ። የምትሄድበት አይታይም፣ የተወችው ብቻ ይታያል። ድምፅ የምትቀዳዋ ልጅ «ይሄ ያፍናል» አለች። አዎ።

ኤዲቲንግ

የሩሲያው ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት የአንድን ተዋናይ አንድ ዓይነት ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያያያዘ ሰዎች በየጊዜው የተለየ ስሜት እንዲያነቡ አድርጓል። እኛም እትዬ ምንም የማያሳዩበትን አንድ ሾት ወስደን መጀመሪያ ከልጅቷ ጥላ ቀጥሎ፣ ከዚያ ከበሩ ቀጥሎ አደረግነው። ከልጅቷ ቀጥሎ ሲመጣ ቁጣ ይመስላል። ከባዶው በር ቀጥሎ ሲመጣ ግን እናትየዋ አሁን ሳይሆን ከብዙ ጊዜ በፊት ያወቀች ትመስላለች። ሁለተኛው ገባ።

አክስቴን ጠርተን ድምፁን ዘግተን አሳየናት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅናት፦ እናትየው መቼ አወቀች? «ኧረ ቀድሞ ነው» አለች። «ልጅቷ ሳትቀመጥ። በሩን አይታ የለ?» ስክሪፕቱ ላይ ይህ የለም። ብርሃኑና ቅደም ተከተሉ ነው የነገራት። ስኒውንም በሰፊው ሾት ውስጥ ራሷ አገኘችው፣ ማንም ሳያሳያት። ስለዚህ ክሎዝ አፑ ወጣ፣ ካሜራ ያዡም ተስማማ።

አክስቴ እንዲህ ካለች በኋላ «እማ፣ ልሄድ ነው» የሚለው አነጋገር ራሱ ያስፈልጋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ያለ እሱ አየነው። ይሠራል። ድምፅ የምትቀዳዋ ልጅ ግን አጥብቃ ተቃወመች፤ እናቷ ብታውቅም ልጅቷ መናገር አለባት፣ ለራሷ ስትል፣ አለች። እሱም እውነት ነው፣ በተለይ እንዲህ ያለ ውሳኔ ከአፍ ወጥቶ ካልተሰማ ውሳኔ አይሆንም። ስለዚህ አነጋገሩን አላወጣነውም። የሚሰማው ግን ልጅቷ ላይ አይደለም፣ እናትየዋ ፍሙን እየቆሰቆሰች፣ ፊቷ ከታች በብርቱካናማው ብርሃን ሞቆ፣ ዓይኗን ሳታነሣ ነው። ቀለሙንና ድምፁን ካስተካከልን በኋላ መጀመሪያ የምናሳየው እዚያው አክስቴ ቤት ነው፣ እትዬ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።